«ልኬያለሁ» መልስ አይደለም

ክቡራትና ክቡራን፣ በቡና ንግድ አብረን ያረጀን ባልደረቦቼ፣

ሰብሳቢያችን ስለ ዘመናዊ የንግድ ግንኙነት በ10 ደቂቃ እንድናገር ጠይቀውኛል። እኔ የመጣሁት ግን ስለ አንዲት ቃል ለመናገር ነው፤ «ልኬያለሁ» ስለምትባለው።

ዐምና የካቲት ላይ አንድ የሃምቡርግ ገዢ የይርጋጨፌያችንን ናሙና ቀምሶ ወደደው። 320 ጆንያ፣ አንድ ሙሉ ኮንቴነር። «እስከ ዓርብ አረጋግጡልኝ» አለ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ማረጋገጫው በኢሜይል ሄደ። ዓርብ መጣ፣ ሰኞ መጣ፣ ሰውዬው ዝም። እኛም «በዓል ላይ ይሆናል» ብለን ዝም። በዘጠነኛው ቀን ሲከነክነኝ ስልክ አነሳሁ። «ዝም ስትሉ ቡናው የተሸጠ መስሎኝ ከኮሎምቢያ ገዛሁ» አለኝ፣ በትሕትና። ማረጋገጫችንን ያገኘው እዚያው እያወራን ነው፤ አይፈለጌ መልእክት በሚጠራቀምበት ሣጥን ውስጥ፣ «ሎተሪ ደርሶዎታል» ከሚልና ከማቅጠኛ ክኒን ማስታወቂያ መካከል ተኝቶ።

ጸሐፊያችንን ጠራሁት። ፋይሉን ታቅፎ መጣ። ለካ ኢሜይሉን አትሞ፣ የወጪ ቁጥር ሰጥቶ፣ ክብ ማኅተም አሳርፎበታል! «ይኸው ጋሼ፣ ልኬያለሁ።» ልጁ አልዋሸም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ማንም ሳይዋሽ 19.2 ቶን ቡና መጋዘን ቀረ።

ወዳጆቼ፣ ስማችን ራሱ «ላኪ» ነው። ቡናችን ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ሲነሳ ሾፌሩ ሚሌ ደረሰ ወይ፣ ጋላፊን አለፈ ወይ እያልን እኩለ ሌሊት እንደውላለን። ቢል ኦፍ ሌዲንግ፣ ማለትም የመርከቡ የጭነት ሰነድ፣ እጃችን ካልገባ እንቅልፍ የለንም። ይህን ሁሉ ቡና የሚያንቀሳቅሰውን ደብዳቤ ስንልክ ግን ደረሰኙን ማን ሰጠን? የኢሜይል መላኪያ ደንብ መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። የተቀባዩ ሰርቨር፣ ማለትም ኢሜይሉን የሚቀበልለት ኮምፒውተር፣ «ተረክቤያለሁ» ቢል እንኳ የተረከበው የበሩ ዘበኛ ነው፤ ለባለቤቱ ይስጠው፣ ቅርጫት ይክተተው፣ አይነግረንም። በሩ ካልተከፈተ ደግሞ የእኛው ሰርቨር ከ4 እስከ 5 ቀን ሲያንኳኳ ሊሰነብት ይችላል፤ ዓርብ ለሚያበቃ ውል!

ጥፋቱ የማሽኑ ብቻ ነው ብዬ አላመካኝም። በርካሽ የተከራየነው ሰርቨር ከብዙ ደንበኞች ጋር የጋራ ነው፤ ጎረቤት አይፈለጌ ሲበትን የእኛም መልእክት ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባል። ጎግልና ያሁም እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ማንነቱን በአግባቡ የማያረጋግጥ የኢሜይል ላኪ ላይ ጠንክረዋል። ይህን የኮምፒውተር ባለሙያ በአንድ ከሰዓት ያስተካክለዋል፤ አስተካክሉ።

የማላልፈው ግን ማኅተሙን ነው። በእኔ ቢሮ ከእንግዲህ «ልኬያለሁ» ያለ ሠራተኛ ሥራውን ጀመረ እንጂ አልጨረሰም! ይደውል! ወደ ሃምቡርግ የሦስት ደቂቃ ስልክ ከአንድ ጆንያ ቡና ይረክሳል!

«የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ሲመጣላችሁም የአጭበርባሪ ሊሆን ይችላልና እንዲሁ ደውሉ። ሰዓቴ ስላለቀ አላብራራውም።

በመጨረሻ፣ ክቡር ሰብሳቢ፣ የዛሬው ጥሪ የተላከው በኢሜይል ነበር። ከኋላ ያሉትን ባዶ ወንበሮች አንድ ጊዜ ይቁጠሩልኝ።

አመሰግናለሁ።