አልጠራሁሽም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ባለፈው ክፍል መጨረሻ ላይ «የዚያን ሌሊት ሌሊት የእማዬን ቤት ግድግዳ የሚያንኳኳ ድምፅ ምክንያት አገኘሁት፣ በሚቀጥለው እነግራችኋለሁ» ብዬ በደስታ ተሰናብቻችሁ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ክፍል ለመቅዳት ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስቱንም አጥፍቼዋለሁ። ብዙዎቻችሁ ግምታችሁን ልካችሁልኛል። አይጥ ነው ያላችሁ አላችሁ፣ ጠበል እንድረጭ የመከራችሁኝ አላችሁ፣ እንደ ዳላሱ ወንድሜም ካሜራ እንድገጥም ያዘዛችሁኝ አላችሁ፤ ወንድሜ ለራስ ምታትም ካሜራ የሚያዝ ሰው መሆኑን መቼም ታውቃላችሁ። ድምፁ ምን እንደ ሆነ ዛሬ እነግራችኋለሁ፤ ያስቸገረኝ ግን እርሱ አይደለም።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት ጣሪያውን ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑን ፀሐይ ሲጠብሰው የዋለ ቆርቆሮ ሲመሽ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ 6 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ቆርቆሮ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲወርድ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል፣ ሚስማሩ ግን ካለበት አይነቃነቅም፤ ስለዚህ ቆርቆሮው እየታገለ ይቆይና በድንገት ሲያመልጥ ጧ ይላል። ይህን ድምፅ በቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ነገር ግን የሚሰማው በምሽቱ አንድና ሁለት ሰዓት ላይ ነው፣ ጣሪያው አንዴ ከቀዘቀዘ በኋላ ዝም ይላል። የእኔው ድምፅ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚመጣ፣ ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ የሚያርፍ፣ ጥቂት ቆይቶም እንደ ገና ሦስት ጊዜ የሚያንኳኳ ነበር። አይጥ ደግሞ ይሮጣል፣ ይቧጥጣል እንጂ ሦስት ቆጥሮ አያርፍም። በልጅነታችን ኮርኒሱ አቡጀዴ በነበረበት ጊዜ አይጧ ስትሄድ የእግሯ ጫና ከታች ይታየን ነበር፤ እኔና ወንድሜ ተኝተን ወዴት እንደምትዞር እንወራረድ ነበር፣ ሁልጊዜም እርሱ ያሸንፍ ነበር።

ቀጥሎ የመሬት መንቀጥቀጡ መጣ። ከመስከረም 2017 መጨረሻ ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የነበረውን መንቀጥቀጥ፣ በዶፈን ተራራም አካባቢ ከመሬት ሲወጣ የነበረውን እንፋሎት ታስታውሳላችሁ። በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱን የማያዳምጥ ሰው አልነበረም፤ የኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቼ አምፖሉ ሲወዛወዝ ባዩ ቁጥር ነጠላቸውን ይዘው ደረጃውን ይወርዱ ነበር። እኔም ወደ እማዬ ቤት የተመለስሁት በዚሁ ፍርሃት ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ከመተኛት የጭቃ ቤት ይሻላል ብዬ። ታኅሣሥ 26 ቀን፣ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ያ ትልቁ ሲመጣ ግድግዳው ቀድሞ ሲያንኳኳ ሰምቼ ነበርና ቤቱ አስቀድሞ ያውቃል ብዬ አመንሁ። ለእናንተም ያንኑ ነግሬአችኋለሁ። እባካችሁ ያንን ክፍል አትስሙት።

እውነቱን ያወጣው ደብተር ነው። ድምፁን የሰማሁባቸውን ሌሊቶችና ሰዓቶች መጻፍ ጀመርሁ፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ መለስ ብዬ ሳየው ሁሉም ወይ ለረቡዕ አጥቢያ ወይ ለቅዳሜ አጥቢያ ሆነው አገኘኋቸው። እኛ ሰፈር በፈረቃ ውሃ የሚመጣው በእነዚያ ሁለት ሌሊቶች ነው። መንቀጥቀጡም በአጋጣሚ የውሃ ሌሊት ላይ ወድቆ ነበር ማለት ነው፤ እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነው።

ቧንቧ ሠራተኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ችኮላ የሚባል ነገር አያውቁም። የካቻቢቴያቸውን ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው እንደ ሐኪም ሲያዳምጡ ቆዩና እንዲህ ብለው አስረዱኝ። ጓሮ ያለው 2000 ሊትር የሚይዘው ታንከር ሊሞላ ሲቃረብ ተንሳፋፊው ኳስ የውሃውን መግቢያ ሊዘጋ ይደርሳል፤ ነገር ግን የውሃው ገጽ ስለሚናወጥ ኳሱ ከፍ ዝቅ እያለ መግቢያውን ደጋግሞ ይዘጋል፣ ይከፍታል። በቧንቧ ውስጥ የሚሮጥ ውሃ በድንገት ሲታገድ ጉልበቱ የትም አይጠፋም፤ በሰከንድ 1 ሜትር ብቻ ይሄድ የነበረ ውሃ እንኳ በብረት ቧንቧ ውስጥ ድርቅ ተደርጎ ቢቆም ግፊቱ ከ10 ባር በላይ ሊዘል ይችላል። ያ ምት በብረቱ ውስጥ ተጉዞ ማሰሪያው በተበጠሰበት ቦታ ላይ ቧንቧውን ከግድግዳው ጋር ያጋጨዋል። ማሰሪያው የተበጠሰውም ከታንከሩ ርቆ፣ አባዬ ይተኛበት ከነበረው ክፍል ግድግዳ ጀርባ ነው፤ በፊት ደጅ የነበረው ቧንቧ ሰርቪሱ ሲጨመር በሁለት ግድግዳ መካከል ቀርቶ ነበርና።

እርሳቸው «ቆይ፣ በእጄ ላሳይሽ፣ አንቺ ክፍሉ ውስጥ ሆነሽ ስሚ» አሉኝ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ነበር፣ ውሃው እንዲገባ ፓምፑን አስነሥተዋል። እኔ አባዬ አልጋ ላይ ተቀመጥሁ። እርሳቸው ጓሮ ሆነው ኳሱን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ግድግዳው ልክ ከትራሱ በላይ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ። ያን ጊዜ እማዬ ከማድ ቤት «መጣሁ፣ መጣሁ!» አለች።

ከዚያ በኋላ ማድ ቤቱ ጸጥ አለ። ወጥታም አላየችንም፣ ምንም አልተናገረችም፤ ትንሽ ቆይቶ ማማሰያው ድስቱን ሲነካ ሰማሁ።

አባዬን የምታውቁት ከቀልዶቹ ነው፤ ስለ ሕመሙ ብዙ አውርቼ አላውቅም። በ2011 ግራ ጎኑን ከያዘው በኋላ ሲፈልገን በከዘራው ግድግዳውን ሦስቴ እንዲመታ ተስማምተን ነበር። ታንከሩ የተተከለው በ2012 ክረምት ነው፤ እርሱ ያረፈው ነሐሴ 2014። ሁለት ዓመት ማለት ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት፣ ተራዬ በሆነባቸው ሌሊቶች፣ ስንት ጊዜ እንደ ተነሣሁ ቁጥሩን አላውቀውም።

የማስታውሰው አንዱን ሌሊት ነው። ዐቢይ ጾም የተያዘበት ሰሞን ነበር፣ በማግስቱ ጠዋት ሥራ ነበረብኝ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ነበር የተነሣሁት። በሩን ስከፍት ዐይኑ በርቶ ወደ ጣሪያው ይመለከታል። «ምን ልስጥህ አባዬ?» አልሁት። «አልጠራሁሽም» አለኝ። «አንኳኩተሃል እኮ፣ አሁን ሰማሁህ» አልሁት። «አላንኳኳሁም ልጄ፣ ሂጂ ተኚ» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ያልኩትን ያልሁት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ታስነሣኛለህ፣ ከዚያ አልጠራሁም ትላለህ፣ እኔ ምን ልሁን?» አልሁት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ «እንግዲያው ሳላውቅ ይሆናል፣ ይቅር በይኝ» አለኝ።

አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እጆቹ የት ነበሩ? ትዝታዬን ስከፍተው ጋቢው እስከ አገጩ ተስቦ፣ ሁለቱም እጆቹ ጋቢው ውስጥ ሆነው፣ ከዘራው ከራስጌው ተደግፎ አየዋለሁ። ታዲያ ይህን በእርግጥ ያየሁት ነው ወይስ ቧንቧ ሠራተኛው ከሄዱ በኋላ የጨመርሁት? በማግስቱ አንሶላ አጥቤ እንደ ነበር ደግሞ አስታውሳለሁ፤ በእኛ ቤት አንሶላ የሚታጠበው ውሃ በመጣ ማግስት ነውና ያ ሌሊት የውሃ ሌሊት ነበር ለማለት ልቤ ይቸኩላል። ነገር ግን የታመመ ሰው አንሶላ በማንኛውም ቀን ይታጠባል። ማሰሪያውም መቼ እንደ ተበጠሰ ሊነግረኝ የሚችል የለም፤ ቧንቧ ሠራተኛውን ስጠይቃቸው ዝገቱን በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው «ቆይቷል» ብቻ አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ቀጠሮ ለሐኪሙ የነገርሁት እኔ ነኝ። «ሌሊት ሌሊት ያንኳኳል፣ ከዚያ ይረሳዋል» አልሁ፤ ሐኪሙ ካርዱ ላይ ጻፈው፣ የእንቅልፍ መድኃኒትም ጨመረለት። አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማ ነበር፣ አልተከራከረም። ከዚያ ወዲህ ቀኑንም ማንቀላፋት ጀመረ፤ እኛም እየባሰበት ነው ተባባልን።

ለራሴ መከራከሪያ የለኝም አልልም። እኔን በእኅቱ ስም የጠራኝ ጊዜ ነበር፣ ምሳውን በልቶ ምሳ የጠየቀበት ጊዜ ነበር፤ እነዚያን ቧንቧው አላደረጋቸውም። ደግሞም በእርግጥ በከዘራው ያንኳኳባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው፤ ከግድግዳው ላይ የረገፈው ኖራ ምስክር ነው። ስለዚህ ሁሉንም የቧንቧ ነው ብል አባዬን ጤነኛ አድርጌ ልክሰው መሆኑ ነው፣ ሁሉንም የእርሱ ነው ብል ደግሞ... ይህንን ትናንት ለወንድሜ በስልክ ነገርሁት። ረጅም ጊዜ ዝም አለና «ያኔ ካሜራ ቢኖር ኖሮ» አለ። ሳቅሁ፣ እርሱም ሳቀ፤ ከዚያ ሁለታችንም መሳቃችንን ተውን።

እማዬን ግን ጠይቄአታለሁ። ቡና እያፈላች ነበር። «ይህ ድምፅ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሰማሽ?» አልኋት። «ሁልጊዜ ነው፤ እኔማ ለምጄዋለሁ» አለችኝ። አባዬ ካረፈ በኋላ ያሉትን ዓመታት ሁሉ፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ ብቻዋን ስትሰማው ኖራለች ማለት ነው። ምን መስሎሽ ነበር ብዬ ልጠይቃት ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር፤ እርሷ ግን ሲኒውን ዘረጋችልኝ፣ እኔም ተቀበልሁ።

አዲሱን ማሰሪያ ገዝቻለሁ፣ እዚህ ማይክሮፎኑ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ቧንቧ ሠራተኛው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው ብለውኛል፤ ሁለት ጊዜ ደውለውልኝ ሁለቱንም ጊዜ ሳምንቱ አይመቸኝም ብያቸዋለሁ። እማዬ መቼ እንደሚሠራ አልጠየቀችኝም። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ሌሊቱን ውሃ ይመጣል፣ እኔም የምተኛው እዚያው ክፍል ነው፤ ምናልባት ነገ ጠዋት እደውልላቸው ይሆናል፣ ወይም ደግሞ መጀመሪያ እማዬን...