ከሽመና ቤት የወጣች መኪና

እንደምን አረፈዳችሁ? የደብረ ማርቆስ ሹፌሮች፣ የመኪና ባለቤቶች፣ ከኋላ ተሰብስባችሁ የቆማችሁ የጋራዥ ልጆች፤ ከደጀን፣ ከአማኑኤል፣ ከፍኖተ ሰላም የመጣችሁ እንግዶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ንግግር አድርግ ሲሉኝ ደነገጥኩ። እኔ መኪና ሥር ተኝቼ ማውራት እንጂ ሰው ፊት ቆሜ ማውራት አልለመድኩም። ስለዚህ ጽፌው መጣሁ። ወረቀቱ ላይ ዘይት ካያችሁ አይግረማችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ጥያቄ ሁለት ነው። ሱዙኪ ከየት መጣ? የያዙትስ ሰዎች ምን ይላሉ? ጥያቄው ያለምክንያት አልመጣም። ስገባ ግቢው ውስጥ የቆሙትን መኪኖች ቆጠርኩ። ከአሥራ ዘጠኙ ስምንቱ ዲዛየር የምትባለው ትንሽ የሱዙኪ የቤት መኪና ናቸው።

ፈቃዳችሁ ከሆነ ግን ከአባቴ ልጀምር።

አባቴ ሸማኔ ነበር። ቤታችን መግቢያ ላይ ጉድጓድ ነበረው። ጠዋት እግሩን እዚያ ይሰድና መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየወረወረ ይውላል። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ለጥምቀት እሱ የሠራውን ጋቢ ደርቦ የሚወጣ ሰው፣ ያው ሰውዬ ዞሮ "ቁጢት በጣሽ" ይለዋል። አፄ ምኒልክ ባለሙያን እንዲህ እያላችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። ስድብ ግን አዋጅ አይሰማም። እኔም ትምህርት ቤት አባትህ ምን ይሠራል ስባል "ይነግዳል" እል ነበር። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

አባቴን ያነሳሁት ለወግ አይደለም። ስለ ሱዙኪ ለማንበብ ስቀመጥ ሞተር ነበር የምፈልገው። መጀመሪያ ያገኘሁት ግን የሽመና ዕቃ ነው።

ሚቺዮ ሱዙኪ የተወለደው በ1887 ነው። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ቀንሱለት። አገሩ ሀማማትሱ የምትባል የጃፓን ከተማ አካባቢ ነው። ወላጆቹ ጥጥ የሚያመርቱ ገበሬዎች ነበሩ። በ14 ዓመቱ አናጢ ዘንድ ገባና ሙያ ተማረ። ሙያውን ሲጨርስ ለእናቱ በእግር የሚረገጥ የሽመና ዕቃ ሠራላት። ጎረቤት አየና "ለእኔም" አለ። በ1909 የሽመና ዕቃ መሥሪያ ከፈተ። ሱዙኪ ማለት ይኸው ነው። መነሻው ላይ ጎማም የለ፣ መሪም የለ።

ቆየት ብሎ ባለ መስመር ጨርቅ የሚሠራ፣ ሁለት መወርወሪያ የሚይዝ ዕቃ አወጣ። እዚህ ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። አባቴ ጥለት ሲሠራ ቀለም በቀየረ ቁጥር እጁ ይቆማል፤ ያንን መወርወሪያ አስቀምጦ ሌላውን ያነሳል። ያ ጃፓናዊ አናጢ ይህችኑ መቆም አይቷታል። አይቶም በእንጨት መላ አበጀላት። አባቴ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ።

አባዱላና ዶልፊን የሚባሉትን የቶዮታ ሚኒባሶች የያዛችሁም አትሳቁብን። ቶዮታም ከሽመና ማሽን ፋብሪካ ነው የወጣው።

መኪና የመሥራት ሐሳብ ለሱዙኪ የመጣው በ1937 አካባቢ ነው። እንግሊዝ የሠራችውን ትንሿን ኦስቲን ሰቨን ገዝተው ፈታተው አዩ። ለሙከራም ሠሩ። ጦርነቱ መጣና ነገሩ ቆመ፤ መንግሥት የቤት መኪና አያስፈልግም አለ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሽመናቸው ተመለሱ። በ1951 ደግሞ የጥጥ ገበያ ወደቀ። ፋብሪካውም አብሮ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ያዳናቸው ብስክሌት ነው። ሹንዞ ሱዙኪ የሚባለው የሚቺዮ አማች ዓሣ አጥምዶ በብስክሌት ሲመለስ ነፋስ ፊት ለፊት መጣበት ይባላል። እየጋለበ ላብ በላብ ሆነና "ይህቺ ነገር ሞተር ቢኖራት" አለ። በ1952 ብስክሌት ላይ የሚገጠም 36 ሲሲ ሞተር አወጡ። ስትፈልግ በሞተር፣ ስትፈልግ በእግርህ፣ ስትፈልግ በሁለቱም ትሄዳለህ። እኛ ዘንድ ባጃጅ የሚወደደው ከሞተሩ ብልሃት ይልቅ አቅማችንን ስለሚያውቅ ነው፤ ያቺም እንደዚያው ነበረች። ሰው ገዛት። ኩባንያው በ1954 ስሙን ወደ ሱዙኪ ሞተር ቀየረ።

የመጀመሪያዋ መኪና ሱዙላይት ናት፤ 1955። ሞተሯ 360 ሲሲ አይሞላም። ከፊት ጎማ ነው የምትጎትተው፤ በዚያ ዘመን ጃፓን ውስጥ ይህ አዲስ ነገር ነበር። ለሙከራ ከሀማማትሱ ተነስተው የሃኮኔን ተራራ አቋርጠው ቶኪዮ ድረስ ነዷት። መንገዱ ጠጠር ነው። ይህን ለጎጃም ሹፌር ማብራራት አያስፈልገኝም። ጎሐ ጽዮን ቁልቁል፣ ደጀን ሽቅብ ብሎ የማያውቅ እዚህ ማን አለ?

በ1970 ጂምኒ፣ በ1988 ቪታራ የሚባሉት መኪኖች መጡ፤ ቪታራን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። እነሱን አልፌ ወደ ህንድ ልሂድ፤ የእኛ ነገር ያለው እዚያ ነውና።

ኦሳሙ ሱዙኪ የሚባል ሰው በ1978 ፕሬዚዳንት ሆነ። የሱዙኪን ቤተሰብ ልጅ አግብቶ ስማቸውን የወሰደ ነው። በ2024 መጨረሻ፣ በ94 ዓመቱ ነው ያረፈው። በ1979 አልቶ የምትባለውን ትንሽ መኪና በ470,000 የን፣ በጃፓን ገንዘብ ማለት ነው፣ አወጣት፤ ለጊዜው እጅግ ርካሽ ዋጋ ነበር። በ1982 ከህንድ መንግሥት ጋር ተዋዋለ። በታህሣሥ 1983 ማሩቲ 800 የምትባለው መኪና የመጀመሪያዋ ወጣች። ቁልፉን ለገዢው የሰጡት ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንዲራ ጋንዲ ናቸው። ከዚያ በፊት የህንድ ቤተሰብ አራት ሆኖ ሞተር ሳይክል ላይ ይጫን ነበር፤ መኪና የሀብታም ነበረች።

ዲዛየር ከዚያ ቤት የወጣች ልጅ ናት። በ2008 ስትወጣ ከአራት ሜትር ትረዝም ነበር። ህንድ ግን ከአራት ሜትር ለምታጥር ትንሽ ሞተር መኪና ግብር ትቀንሳለች። ስለዚህ በ2012 ኋላዋን አሳጠሩት። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ99.5 ሴንቲ ሆነ። "ኋላዋ የተቆረጠ ይመስላል" የምትሉ ሰዎች አልተሳሳታችሁም። የቆረጠው ግብር ነው።

አሁን ወደ እናንተ አስተያየት ልምጣ። ጋራዤ የሚመጣውን ሁሉ ስጠይቅ ከርሜያለሁ።

ሁሉም መጀመሪያ የሚያነሳው ነዳጅ ነው። "ትጠጣለች ወይ?" ስል ይስቃሉ። አንዱ "ታሸታለች እንጂ አትጠጣም" አለኝ። ታንከሯ 37 ሊትር ነው። በአንድ ሙሉ ታንከር አዲስ አበባ ደርሼ እመለሳለሁ የሚሉ አሉ። 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እጁ ቀላል የሆነ ሹፌር፣ በማኑዋል ማርሽ፣ ሊጠጋ ይችላል። ዓባይ በረሃን አምስት ሰው ጭኖ፣ ኤሲ ከፍቶ ሽቅብ የሚወጣው ሲለኝ ግን ራሴን ነቅንቄ ዝም እላለሁ። ጭቅጭቅ አልወድም።

ሁለተኛው "ህንድ ናት እንጂ ጃፓን አይደለችም" የሚለው ነው። ይህን የሚለኝ አብዛኛውን ጊዜ ዲኤክስ የምትባለውን የድሮ ቶዮታ ኮሮላ የያዘ ሽማግሌ ነው። ጋሼ፣ አክብሬዎት ልናገር። ዲዛየር የህንድ ፋብሪካ ሥራ ናት፤ እውነት ነው። ፋብሪካው ላይ ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው ግን ሱዙኪ ነው፤ ሞተሩም የራሱ ነው። "ህንድ ናት" ሲባል የምሰማው ድምፅ "ቁጢት በጣሽ" ከሚለው ድምፅ ጋር ይመሳሰልብኛል። ሥራውን አይቶ መፍረድ አንድ ነገር ነው፤ የሠራውን እጅ አይቶ መፍረድ ሌላ።

ሦስተኛው ከፍታዋ ነው። ይሄ እውነተኛ ቅሬታ ነው። ከመሬት 163 ሚሊ ሜትር ነው ያላት፤ አንድ ስንዝር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ባዶዋን 900 ኪሎ የማትሞላ መኪና ናት። ለአስፋልት ተሠራች። እኛ ደግሞ ሰርግ አለ ብለን አምስት ሰው፣ አንድ በግ፣ አንድ ኩንታል ጤፍ ጭነን ወደ ገጠር እንገባለን። ድንጋይ ሆዷን ሲመታት "ይቺ መኪና ደካማ ናት" እንላለን። እህቴ ልጇን ለመዳር እንዲህ አድርጋ ጭናት የዘይት ማጠራቀሚያውን ሰብራ መጣች። ጠገንኩላት። ገንዘብ አልተቀበልኳትም፤ ንግግር ግን አልቀረላትም።

የራሴንም ጥፋት ልናገር። ዲዛየር ገና ስትመጣ አንዲቱን ሰርቪስ ሳደርግ ለአሮጌ ሚኒባስ የማደርገውን ወፍራም ዘይት ሞላሁባት። ለዚህች ሞተር ቀጭን ዘይት ነው የሚሆናት፤ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል። መጽሐፉን አላነበብኩም ነበር። ባለቤቷ "ጠዋት ጠዋት ከብዷታል" ብላ ተመለሰች። ደፍቼ በራሴ ወጪ ቀየርኩላት። የጋራዥ ልጆች፣ ይህን ጻፉት።

ስለ መለዋወጫ ብዙ አልልም። እንደ ልብ ይገኛል፤ ግማሹ ግን ፎርጅድ ነው። የፍሬን ሸራ በርካሽ ገዝታችሁ ስታመጡልኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአፋፉ እስከ ዓባይ ወንዝ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። መንገዱ የታደሰው በጃፓን እርዳታ ነው፤ በ2008 የተመረቀውን የህዳሴን ድልድይም የሠሩልን ጃፓኖች ናቸው። ነገሩ ይገርመኛል። መኪናዋም ድልድዩም ከአንድ አገር ሰው አእምሮ የወጡ ናቸው፤ መሐላቸው ያለው ቁልቁለት ብቻ የእኛ ነው። እዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጣችሁ የምትወርዱ ሹፌሮች አሉ። ሸራው ይግላል፤ ሲግል መያዝ ይተዋል። ሁለተኛ ማርሽ አስገቡና ሞተሩ ይያዛችሁ። የሽቅቡን ማርሽ ለቁልቁሉ፤ ድሮ የአይሱዙ ሹፌሮች ያስተማሩን ይህን ነበር። ትንሽ መኪና ስለሆነች አይቀርላትም።

ቤንዚን የምትጠጣ የቤት መኪና ከ2024 ጀምሮ ወደ አገራችን እንዳይገባ ተከልክሏል። ወደ ኤሌክትሪክ እየሄድን ነው። ስለዚህ አሁን የያዛችኋት ዲዛየር ሌላ አትመጣላችሁም። ደላላው ይህን ከእናንተ ቀድሞ ያውቃል፤ ለዚህ ነው በየሳምንቱ "አትሸጪም ወይ" እያለ የሚደውለው። የምትሸጡ ሽጡ። የምታቆዩ ግን ዘይቷን በጊዜው ቀይሩ።

የአባቴ መወርወሪያ ጋራዤ ግድግዳ ላይ፣ ከቁልፎቹ ጎን ተሰቅሏል። መጥታችሁ እዩት። ቅዳሜ ከሰዓት አለሁ። ክረምት ሳይገባ ፍሬናችሁንም አብሬ አየዋለሁ። ለማየት አላስከፍልም። ለመቀየር ግን አስከፍላለሁ።

አመሰግናለሁ።