በአንድ ማሊያ፣ ለየብቻ፦ ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የኢንላይን ስኬቲንግ (የባለጎማ ጫማ የፍጥነት ውድድር) ማኅበራችን አባላት፣ አሰልጣኞች፣ ዳኞች፣ ወላጆችና ተጋባዥ እንግዶች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጥሪያችንን አክብራችሁ ስለተገኛችሁ በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴውና በራሴ ስም አመሰግናለሁ። ዓመቱን ሙሉ ያለ ክፍያ ላገለገሉን ሰዓት መዝጋቢዎች፣ በየውድድሩ ከትራኩ ዳር ላልተለዩን የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሰጪዎች፣ እንዲሁም ልጆቻቸውን በማለዳ እያመጡ በማታ ለሚወስዱ ወላጆች ያለን ምስጋና ከፍ ያለ ነው። ዝርዝሩን ጸሐፊያችን በሪፖርታቸው ስለሚያነቡት እኔ በዚህ ላይ አልቆይም።

የዓመቱን ሥራ በአጭሩ ለማንሳት ያህል፣ የታዳጊዎች ሥልጠና ሳይቋረጥ ተካሂዷል፤ አዳዲስ አባላት ተቀብለናል፤ ከመካከላችን የዳኝነት ሥልጠና የወሰዱ አሉ፤ በትራኩ መታጠፊያ ላይ ብዙዎቻችንን ሲጥል የነበረው ስንጥቅ ተጠግኗል። ገንዘቡ እንደ ወትሮው አልበቃም። መዋጯቸውን ያልከፈሉ አባላት ስላሉ የጫማ ጎማና የኩሽኔታ ግዢያችን ካቀድነው በታች ሆኗል፤ ይህንንም የሒሳብ ሹማችን ያብራሩታል። ኮሚቴውን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳው ግን የገንዘብ እጥረቱ አልነበረም።

ኮሚቴውን ያስጨነቀው በዓመቱ ትልቁ ውድድራችን ላይ ሁላችሁም ቆማችሁ ያያችሁት ነገር ነው። የ10,000 ሜትር የነጥብ ውድድር እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ለአዲስ አባላትና ለወላጆች ግልጽ እንዲሆን፣ በዚህ ውድድር በተወሰኑ ዙሮች ማብቂያ ላይ መስመሩን ቀድሞ ያለፈ 2 ነጥብ፣ ተከትሎት ያለፈ 1 ነጥብ ያገኛል፤ በመጨረሻው ዙር ደግሞ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ለወጡት 3፣ 2 እና 1 ነጥብ ይሰጣል። አንድ አባላችን ከሌላ ክለብ ተወዳዳሪ ጋር ከዋናው ቡድን አፈትልኮ ወጣ፤ እየተፈራረቁም የግማሽ ትራክ ያህል ርቀት ከፈቱ። በዚያች ሰዓት ከኋላ የቀሩት የእኛ ልጆች ሥራ ምንም አለመሥራት ብቻ ነበር። ከሌሎቹ ጀርባ ተጠግተው መቀመጥ፣ የማሳደዱን ድካም ለባላጋራዎቻችን መተው፣ ጓደኛቸው ከተያዘም ባልደከመ እግር ለመጨረሻው ፍጥነት መዘጋጀት ነበረባቸው። ሁለቱ ግን እየተቀባበሉ ከፊት መሩ፤ መላውን ግሩፕ ጎትተው ወስደው በገዛ ጓደኛቸው ላይ አደረሱት። አፈትልኮ የነበረው ልጅ በመጨረሻው ዙር ጉልበቱ አልቆ ነበር፤ ያሳደዱትም እንደዚያው፤ በነፃ ተጎትተው የመጡት የሌላ ክለብ ልጆች ደግሞ በአጠገባቸው አልፈው መድረኩን ሞሉት።

ይህ ለምን ጥፋት እንደሆነ የማይገባው አዋቂ ተወዳዳሪ በመካከላችን ይኖራል ብዬ አላምንም። በውድድር ፍጥነት፣ ማለትም በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንሄድ፣ ከሁሉ በላይ የምንታገለው ከአየር ጋር ነው፤ የአየሩም ግፊት ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ያድጋል። ከፊት ያለው ይህን ዕዳ ለሁሉም ይከፍላል፤ ከኋላው የተጠጋው እያረፈ ይከተላል። በሌሎች ስፖርቶች የቡድን ጓደኛ በሞራል ይረዳ ይሆናል፤ በእኛ ስፖርት ግን በጀርባው ይረዳል። ስለዚህ ከፊት ሆኖ ማንን እንደሚጎትት የማያስብ ተወዳዳሪ፣ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ ጥንካሬውን ለባላጋራ እያከፋፈለ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የሆነው ከዚህ የባሰ ነው። የ3,000 ሜትር ቅብብል በ200 ሜትር ትራክ ላይ 15 ዙር ነው፤ ሦስት ሰዎች እየተፈራረቁ ይሄዱታል፤ ሁለት ሰዎች ሊሄዱት አይችሉም። የተመዘገበው ሦስተኛው ልጃችን በግሉ የገባባቸው ውድድሮች ስላለቁ ብቻ ዕቃውን ሸክፎ፣ ለአሰልጣኙም ሳይናገር ሄደ። ሁለቱ ጓደኞቹ ማሊያ ለብሰው፣ የራስ ቁራቸውን አጥብቀው፣ ስማቸው ሲጠራ ከትራኩ ጠርዝ ላይ ቆመው ቀሩ። ለዚህ ቅብብል ለረጅም ጊዜ የተለማመዱ ልጆች ናቸው። ቅብብል እንዲሁ አይመጣም፤ የሚመጣው ሰው ፍጥነቱን ሳይቀንስ የሚወጣውን ሰው ከወገቡ ይዞ በሙሉ ኃይሉ መግፋት አለበት፤ የሚወጣውም ግፊቱን ለመቀበል በትክክለኛው ቅጽበት በትክክለኛው ፍጥነት ላይ መሆን አለበት። ይህ የሚገኘው እየተጋጩና እየወደቁ፣ የአንዱን እርምጃ ሌላው እስኪያውቀው ድረስ በመደጋገም ነው። ያ ሁሉ ልምምድ በአንድ ሰው መሄድ ተሰረዘ።

ብዙዎቻችሁ እ.ኤ.አ. በ2023 በሃንግዡ በተካሄደው የእስያ ጨዋታዎች የወንዶች 3,000 ሜትር ቅብብል የሆነውን አይታችኋል። የደቡብ ኮሪያው ጁንግ ቾል ዎን ያሸነፈ መስሎት ከመስመሩ በፊት እጆቹን አነሳ፤ የቻይኒዝ ታይፔው (የታይዋኑ) ሁዋንግ ዩ ሊን እግሩን ወደ ፊት ወርውሮ በሰከንድ አንድ መቶኛ ቀደመው። ወርቁን ያጣው ጁንግ ብቻውን አልነበረም፤ ጓደኞቹም አጡት፤ እርሱም ይቅርታ የጠየቀው ለዚህ ነው። ቪዲዮው በእጅ ስልኮቻችን ሲዞር የሳቃችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የኮሪያው ልጅ ግን ቢያንስ እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ትራኩ ላይ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኅበራችን ለሁለት ተከፍሏል። አንደኛው ወገን የሚለውን በአግባቡ ላቅርበው፤ ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ውድቅ ነው ብዬም አላምንም። «ጫማዬን የገዛሁት በራሴ ገንዘብ ነው፤ የመመዝገቢያውንም ከኪሴ ከፍያለሁ፤ ሜዳሊያው ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰጥ ከሆነ እኔ ለሌላ ሰው አሯሯጭ የምሆነው በምን ዕዳዬ ነው?» ይላሉ። እውነት አላቸው። ለጓደኛው ሲል የመጨረሻዎቹን ሦስት ዙሮች ከፊት ሆኖ ነፋስ የከፈለ ልጅ በውጤት ዝርዝሩ ላይ አሥራ አራተኛ ተብሎ ይጻፋል፤ ማንም እጁን አይጨብጠውም፤ ማኅበሩም እስካሁን አላመሰገነውም። ቅሬታቸው እዚህ ድረስ ትክክል ነው፤ የማልቀበለው ከዚያ የሚሄዱበትን መደምደሚያ ነው። የማኅበሩን ማሊያ ለብሶ፣ በማኅበሩ አሰልጣኝ ሠልጥኖ፣ በልምምድ ጊዜ በጓደኞቹ ጀርባ ተጠልሎ ፍጥነቱን ያሻሻለ ሰው፣ በውድድር ቀን ብቻዬን ነኝ ሊል አይችልም። የማይፈልግ በግሉ ይመዝገብ፤ ማንም አይከለክለውም፤ ማሊያውን ግን ይመልስ።

በሌላው ወገንም ያስቆጣኝ ነገር አለ። «የቡድን ሥራ» ሲባል የሰው መንገድ መዝጋት የመሰላቸው አሉ። በዓመቱ መጨረሻ በነበረው የማስወገጃ ውድድር፣ በየዙሩ የመጨረሻው ሰው በሚወጣበት ሰዓት፣ አንድ አባላችን ጓደኛውን ለማትረፍ ሲል የሌላ ክለብ ልጅን በክርኑ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ገፋ። ዳኛው ከውድድሩ አስወጡት፤ ደግ አደረጉ። በዚያ ፍጥነት፣ በስስ ማሊያ እንጂ በብረት ልብስ አልተሸፈንንም። ከቅብብል ውጭ በእጅ መግፋትም ሆነ መጎተት፣ መስመር አጣሞ መዝጋትም ሕገ ወጥ ነው፤ ለጓደኛ ተብሎ ሲደረግም ያው ነው። የቡድን ሥራ ማለት ለጓደኛ ነፋስ መከላከል፣ በትክክለኛው ጊዜ ፍጥነት መጨመር፣ ባላጋራ ሲያፈተልክ ተከትሎ ጀርባው ላይ መቀመጥና አለመርዳት ነው። ይህ ሁሉ በሕጉ ውስጥ ያለ፣ ጭንቅላት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

አንድ ታሪክ ልጨምር፤ የበረዶ ላይ ስኬቲንግ ታሪክ ቢሆንም ባለቤቶቹ ከእኛው ስፖርት የወጡ ናቸው። ብሪታኒ ቦውና ኤሪን ጃክሰን ሁለቱም በፍሎሪዳ ኦካላ በኢንላይን ስኬቲንግ ያደጉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በአሜሪካ የኦሊምፒክ ማጣሪያ ጃክሰን በ500 ሜትር ተደናቀፈችና ሦስተኛ ወጣች፤ የነበረው ቦታ ሁለት ብቻ ነበር። ማጣሪያውን ያሸነፈችው ቦው ቦታዋን ለጃክሰን ለቀቀች። ጃክሰንም በየካቲት በቤጂንግ ወርቅ ወሰደች። ኋላ ላይ ተጨማሪ ቦታ ተገኝቶ ቦውም ተወዳድራለች፤ ቦታዋን በለቀቀች ጊዜ ግን ይህን አታውቅም ነበር። ከእናንተ ማንም እንዲህ ያለ ነገር እንዲያደርግ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ቅብብሉ እስኪያልቅ እንድትቆዩ ነው።

አሁን እዚህ ለሌሉት የምለው አለኝ፤ ጓደኞቻቸው እንደምታደርሱላቸው አልጠራጠርም። ዓመቱን ሙሉ በዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ ድምፃቸውን ያሰሙት፣ ለኮሚቴው ደብዳቤ የጻፉት፣ አሰልጣኙ ይነሱልን ያሉት አባላት ዛሬ ወንበራቸው ባዶ ነው። የጉባኤው ቀን ከሁለት ወር በፊት ተነግሯቸዋል። ቅሬታ የሚወሰነው በእጅ ማውጣት ድምፅ በሚሰጥበት በዚህ ክፍል ነው፤ በልብስ መቀየሪያ ክፍል ሲነገር የሚያደርገው ታዳጊዎቹን ማስፈራት ብቻ ነው። ታዳጊዎቹን ካነሳሁ ዘንድ፣ በዚህ ዓመት ቅብብላቸውን አንድም ርክክብ ሳይበላሽባቸው የጨረሱት እነርሱ ናቸው። ሦስተኛ ነው የወጡት፤ እኔ ግን በሊቀ መንበርነት ዘመኔ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ጊዜ የለም።

ኮሚቴው ሦስት የውሳኔ ሐሳቦች አዘጋጅቷል። አንደኛ፣ በረጅም ርቀት ውድድሮች ማን ለማን እንደሚሠራ አሰልጣኙ ከውድድሩ በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ተራውም በዓመቱ ውስጥ ይዘዋወራል፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ነፋስ ከፋይ ሆኖ አይቀርም። ሁለተኛ፣ ማኅበሩ የሚገዛቸው አዳዲስ ጎማዎች በቅድሚያ ለቡድኑ ለሠሩ አባላት ይሰጣሉ፤ ስማቸውም ከሜዳሊያ አሸናፊዎቹ ጋር እኩል በዓመታዊ ሪፖርቱ ይጻፋል። ሦስተኛ፣ ለቅብብል ተመዝግቦ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ አባል በሚቀጥለው ውድድር በማኅበሩ ስም አይመዘገብም። ሦስተኛው ከባድ ነው ያላችሁኝ አላችሁ፤ ማሻሻያ ካላችሁ ለመስማት ዝግጁ ነኝ፤ ከዝርዝሩ ይውጣ የሚለውን ግን አልደግፍም።

ድምፅ የሚሰጠው ከሒሳብ ሪፖርቱ በኋላ ነው፤ እባካችሁ ከዚያ በፊት አትውጡ። ለሚቀጥለው ወቅት የቅብብል ልምምድ የመመዝገቢያ መዝገብ ጸሐፊያችን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ እስካሁን የአምስት ሰው ስም አለበት፤ ለወንዶችና ለሴቶች ቡድን ከነተጠባባቂዎቻቸው ስምንት ያስፈልጉናል። አሁን መድረኩን ለሒሳብ ሹማችን እለቃለሁ።