ላይቭ ከመግባቴ በፊት

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ድምፄ ከጎረነነባችሁ ይቅርታ፣ ትናንት ማታ ሁለት ሰዓት ሙሉ ላይቭ ላይ ሳወራ ነበር። አዲስ ለመጣችሁ፣ አዳማ ነው ያለሁት፤ የሴት ጫማ ከመርካቶ አምጥቼ ቲክቶክ ላይ እሸጣለሁ። ሱቅ የለኝም። የእናቴ ሳሎን ነው ሱቄ፤ ሶፋው ወደ ግድግዳ ይገፋል፣ ሪንግ ላይቱ ይቆማል፣ በቃ።

«ላይቭ ላይ እንዴት አትደነግጪም?» ትሉኛላችሁ። ኧረ እደነግጣለሁ! ግን ቆይቶ የገባኝ ነገር አለ፤ የሚያስደነግጠኝ ካሜራው አይደለም። አስቀድሜ ሳልወስን ይዤው የገባሁት ነገር ነው።

የመጀመሪያ ላይቬን ልንገራችሁ። ሺህ ተከታይ እስኪሞላልኝ ስንት ጊዜ ጠብቄ፣ የሞላ ቀን በደስታ ዘልዬ ገባሁ። ዋጋ አልቆረጥኩም፣ ምን ቁጥር ስንት እንደቀረኝ አልቆጠርኩም። አንዷ «መጨረሻው ስንት ነው?» ስትል ወረድኩ፣ ሌላዋ ስትል ደግሞ ወረድኩ። ቡናማ 38 አንድ ብቻ ቀርቶኝ ለሁለት ሰው «ያንቺ ነው የኔ ቆንጆ» አልኩ። ሁለቱም ከፈሉ። በማግስቱ አንዷ ደወሉ፣ ትልቅ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ብሩን ልኬያለሁ፣ ጫማው የታለ?»

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ተሳስቼ ለሁለት ሰው ሸጬው ነው...»

«እንዴት? አንድ አንድ እግር ልታካፍይን ነው?»

ብራቸውን ወዲያው መለስኩ። ግን ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ደብተር አለኝ። እያንዳንዱ ጫማ በቁጥርና በከለር ይገባል፤ ሲሸጥ እህቴ ከጎኔ ተቀምጣ ትሰርዘዋለች። እኔ እያወራሁ መቁጠር አልችልም፣ አልዋሻችሁም።

ብዙ ጊዜ የሚወስድብኝ መለካቱ ነው። የጫማ ቁጥር እንደምታውቁት አይታመንም። በአውሮፓው አቆጣጠር ከአንድ ቁጥር ወደሚቀጥለው ያለው ልዩነት የሴንቲሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ወደ 6.7 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። ፋብሪካው ትንሽ ካዛባው 37 ተብሎ የተጻፈው 36 ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ የውስጡን ሶል ከተረከዝ እስከ ጫፍ እለካና በፕላስተር ላይ ጽፌ ከጫማው ሥር እለጥፋለሁ። ላይቭ ላይ «37 ይሆነኛል?» ስትሉኝ «እግርሽን ግድግዳ አስደግፈሽ ለኪና ሴንቲሜትሩን ጻፊልኝ» ነው የምለው። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አዎ። ግን የተመለሰ ጫማ ይዞ በባጃጅ ከመመላለስ ይሻላል።

ዋጋ ላይ ደግሞ ጠብ አለኝ። «ዋጋ ኢንቦክስ» እየተባለ ዋጋው በግል መልእክት ብቻ የሚነገርበትን ነገር አልወደውም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ 813/2006፣ እንኳን ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ ያሳይ ይላል። እኔ ደብተሬ ላይ ሁለት ቁጥር እጽፋለሁ፤ የምጠራውና የማልወርድበት። 1,400 ያመጣሁት ጫማ ትራንስፖርቱ፣ ዳታው፣ ለመርካቶ ተሸካሚ የከፈልኩት ሲደመርበት 1,550 ይገባል፤ 1,900 እጠራለሁ፣ ከ1,750 በታች አልወርድም። ላይቭ ላይ ሂሳብ አልሠራም፣ ሂሳቡ ከሰዓት በኋላ አልቋል። ለሚቀጥለው ጭነት ግን ዋጋ ቃል አልገባም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጅምላ ሻጩ ራሱ የነገውን አያውቅም።

ክፍያ ላይ አንድ ሕግ ነው ያለኝ፦ ስክሪንሾት ብር አይደለም። በቴሌብር ከሆነ ከ127 መልእክቱ እኔ ስልክ ላይ እስኪገባ ጫማው ከቤት አይወጣም። ይህንንም ገና ስጀምር እናገራለሁ፣ ከዚያ ማንም አይቀየምም። መሀል ላይ ሲነገር ነው እንደ ስድብ የሚሰማው።

ሌላው የአዳማ ጉዳይ ነው። ሚያዝያ ላይ ስልኩ ራሱ ያልበዋል ልበላችሁ? ማራገቢያ ከተከፈተ ድምፁ ማይኩ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ቀድሜ ክፍሉን አቀዘቅዝና ስገባ አጠፋዋለሁ። ስልኩና ፓወር ባንኩ እስከ አሥር ሰዓት መቶ ይሞላሉ። መብራት ቢሄድ ሪንግ ላይቱ በዩኤስቢ ስለሆነ ከፓወር ባንኩ ይቀጥላል።

ተሳዳቢውንስ? «ውሸታም፣ የቻይና ነው» ብሎ የሚገባ አይጠፋም። አሁን እኔ እቀድመዋለሁ። «ይሄ የቻይና ነው፣ ቆዳ አይደለም፣ ሶሉ ለክረምት አይሆንም» እላለሁ። ከዚያ ምን ይበል?

የመጨረሻዋን አንድ ሰዓት ስልክ አልነካም። ከእናቴ ጋር ሻይ እጠጣለሁ። ቡና አይሆንም፣ እጄ ይንቀጠቀጥና ጫማው ካሜራ ላይ ይጨፍራል።

ያቺ ባለ 38 እናት አሁን ደንበኛዬ ናቸው። በልጃቸው አካውንት ይገባሉ፤ ትናንትም ገና «ሰላም» ሳልል መጀመሪያ የታየው የሳቸው ኮሜንት ነበር፦ «ዛሬ ሁለቱም እግር አለ?»