ሲሚንቶው ሳይፈስ ድረሱ

ጤና ይስጥልኝ። አከም ቡልተን። ለአካል ጉዳተኞች ጉዳይ አማካሪ ምክር ቤት የተመረጣችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ከከተማ አስተዳደሩ የመጣችሁ ኃላፊዎች፣ ከማኅበራቱ የመጣችሁ፣ ልጆቻችሁን አዝላችሁም ደግፋችሁም የመጣችሁ እናቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አስተርጓሚያችን እህቴ፣ ስፈጥን እጅሽን አንሺልኝ፣ እቆምልሻለሁ።

እንኳን ደስ አላችሁ እንድል ነበር የተጠራሁት። እንኳን ደስ አላችሁ! አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ከባዱን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሥልጣን የላችሁም። በጀት አታጸድቁም፣ ሰው አትቀጥሩም፣ አትሽሩም፣ የተጀመረ ግንባታም አታስቆሙም። የምትሰጡት ምክር ነው፤ የሚሰማ ይሰማል፣ የማይሰማ ፋይል ውስጥ ይከተዋል። አንዳንዶቻችሁ ይህን ስትሰሙ ፊታችሁ እንደጠቆረ እያየሁ ነው። ቆይ፣ አትዘኑ።

አሜሪካ ውስጥ ብሔራዊ የአካል ጉዳት ምክር ቤት የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 ሲቋቋም በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ያለ አማካሪ አካል ነበር፣ ልክ እንደ እናንተ ሥልጣን የሌለው። በ1984 ራሱን ቻለ። ከአባላቱ አንዱ ጀስቲን ዳርት ነበሩ፤ በፖሊዮ ምክንያት በዊልቸር የሚሄዱ ሰው። 50ውንም የአሜሪካ ግዛቶች ዞረው አካል ጉዳተኞች ምን እንደሚቸግራቸው ከራሳቸው አፍ ሰሙ። ምክር ቤቱ በ1986 ለፕሬዚዳንቱና ለኮንግረሱ ሪፖርት አቀረበ፤ መድልዎን የሚከለክል አንድ ሰፊ ሕግ ያስፈልገናል አለ። በ1988 ረቂቁ ኮንግረስ ገባ። በ1990 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ፣ አባትየው ማለቴ ነው፣ ፈረሙበት። ዛሬ በዚያ አገር አውቶቡሱም ሱቁም ሆቴሉም የሚገዛበት ሕግ ከዚያ ሪፖርት የተነሳ ነው። ሪፖርቱን የጻፉት አንዲት ሳንቲም የማዘዝ መብት ያልነበራቸው አማካሪዎች ናቸው።

እኛ 50 ግዛት መዞር አይጠበቅብንም። እዚሁ ጅማ ሄርማታ አለ፣ ቆጪ አለ፣ ቦሳ ኪቶ አለ፣ ጅሬን አለ። ባጃጅ ይዞ መድረስ ነው። እርግጥ ባጃጁ ዊልቸር ሲያይ ዋጋ ይጨምራል፣ ይህንንም አጀንዳ አድርጉት።

ወደ ራሳችን ቤት ስንመጣ ሕጉ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዛል። ዓለም አቀፉን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብለናል፤ የዚህ ስምምነት አንቀጽ 4 ደግሞ ስለ አካል ጉዳተኞች ውሳኔ ሲወሰን በማኅበሮቻቸው በኩል ከእነሱ ጋር ተማከሩ፣ አሳትፏቸውም ይላል። ስለዚህ እናንተን መጥራት የማንም ቸርነት አይደለም። ግዴታ ነው። ለተጠራችሁ ብላችሁ እጅ አትንሱ።

ከዚያ በፊት እንኳ በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ ዊልቸር የሚጠቀም ሰውም ደረጃ መውጣት የማይችል ሰውም የሚገባበት መንገድ ይኑረው ብሏል። መጸዳጃ ቤቱም እንደዚያው። ከዚያ ወዲህ በዚህች ከተማ ስንት ፎቅ እንደቆመ እናንተው ታውቃላችሁ። ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ እንደሚያስገባን ደግሞ ከእኔ ይልቅ ክንዳችሁና ትከሻችሁ ያውቀዋል። አቅም በፈቀደ መጠን ሲባል ይገባኛል፣ ድሃ አገር ነን። ግን ለእብነ በረዱ አቅም የፈቀደለት ሕንፃ ለራምፑ፣ ለዊልቸር መውጫው ተዳፋት ማለቴ ነው፣ አቅም አጣ ሲባል አልዋጥልህ ይለኛል።

ስለ ራምፕ ትንሽ ልቆይ፣ ታገሱኝ።

በተለምዶ የሚሠራበት ልክ 1 ለ12 ነው። አንድ ሜትር ከፍ ለማለት አሥራ ሁለት ሜትር መንገድ። በር ላይ ሦስት ደረጃ ቢኖርና ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ራምፑ አምስት ሜትር ከአርባ ሳንቲ ሜትር መርዘም አለበት ማለት ነው። ሜትር ይዛችሁ ውጡና ለኩ። አብዛኛው የምታገኙት ሁለት ሜትር ቢሞላ ነው፤ ሰው ከኋላ ካልገፋ የማይወጣ፣ ሲወርዱ ደግሞ አስፋልት ላይ የሚወረውር። ከዚያ አናቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ይነጠፍበታል። ይህ ጅማ ነው! ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ሰማዩ ፋታ አይሰጠንም። እርጥብ ሴራሚክ ላይ ክራንች ምን እንደሚሆን በክራንች ለምንሄድ ሰዎች አይነገረንም።

አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ እንዲህ ያለ ራምፕ ሠርቶ ሪባን ሲቆረጥ ተጋብዤ ነበር። በዚያው ራምፕ ሁለት ሰው ደግፎኝ ወጣሁ፣ ተጨበጨበ። ለመሐንዲሱ ጠጋ ብዬ ቁልቁለቱ በዛ ስለው ትሁት ልጅ ነው፣ «ልክ ነህ ጋሼ፣ ቀድመን ብናገኝህ ኖሮ» አለኝ። አሁን ማፍረስ በጀት ይጠይቃል፣ በጀቱ ተዘግቷል፣ ኮንትራክተሩ አስረክቦ ሄዷል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

የእናንተ ሥራ እዚያ ጋ ነው። ሪባኑ ጋ አይደለም። ጨረታ ሳይወጣ፣ ፕላኑ ገና ወረቀት ሳለ፣ በላጲስ የሚጠፋ መስመር ሳለ። ያኔ ራምፑን ማርዘም መስመር መሳብ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት አንድ ነገር ይሁን፤ ከተማው የሚያሠራው የሕዝብ ሕንፃ፣ መንገድ፣ መናኸሪያ፣ ገበያ፣ ፕላኑ ከጨረታ በፊት በእናንተ በኩል ይለፍ። ፕላን ማንበብ አንችልም የምትሉ ካላችሁ ኪቶ ፉርዲሳ፣ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ሁለት እርምጃ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስሙ የተጠራው ተማሪውን ወደ ኅብረተሰቡ በማውጣት ነው፣ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት እያለ። የምህንድስና ተማሪዎቹን ጥሯቸው። ፕላኑን ያንብቡላችሁ፣ የቆሙትን ራምፖችም እየዞሩ ይለኩ። ለእነሱም ትምህርት ነው።

በዚህ በኮሪደር ልማት ዘመን ይህ ነገር ይበልጥ ያስቸኩላል። የእግረኛ መንገድ ላይ ለዓይነ ስውራን የሚነጠፈውን ንጣፍ አይታችሁት ይሆናል፣ ያልጠየቃችሁም አላችሁ። ረጃጅም መስመር ያለው ሂድ ይላል፣ ነጠብጣቡ ቁም ይላል። ነገሩ ቀላል ነው። ግን የሚያነጥፈው ሰው ትርጉሙን ካልተነገረው ለውበት ነው ብሎ ሊያነጥፈው ይችላል፤ ያኔ መስመሩ ዓይነ ስውሩን አክብሮ ይመራና የመብራት ምሰሶ ጋ ያደርሰዋል። ሠራተኞቹ ሲጀምሩ ነጭ ዘንግ የያዘ ሰው አብሯቸው ይሂድ። ግማሽ ቀን ይበቃል።

ሌላው ነገር ወረቀት ነው። «እሺ፣ እናየዋለን» የሚለውን እዚህ አገር ማን ያልሰማ አለ? ሃሳባችሁ በጽሑፍ ይግባ፣ ቁጥርና ማኅተም ይኑረው፣ መልሱም በጽሑፍ ይምጣ፣ ቀን ይቆረጥለት። «በጀት የለም» ተብሎ ተጽፎ ከመጣ እሱም መልስ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲያዝ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ዝምታ ግን መልስ አይደለም። ሰነዱ ደግሞ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን፣ ማንበብ ለማይችለው በድምፅ ተቀድቶ በስልኩ ይላክለት። ቴሌግራም ለሠርግ ጥሪ ብቻ አይደለም።

ኅዳር 24 ሲመጣ፣ የአካል ጉዳተኞች ቀን ማለቴ ነው፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ሰልፍ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ቲሸርት አልጠላም፣ እስካሁን የምለብሰው አለኝ። ግን ምክር ቤቱ በዓመት አንዴ ለፎቶ የሚፈለግ ከሆነ ሰውም ያውቅባችኋል፣ እናንተም ትሰለቻላችሁ።

አሁን እርስ በርስ የምንነጋገረውን ልንገራችሁ፣ ኃላፊዎች ቢሰሙም ግድ የለም። ይህን አዳራሽ ዞር ብላችሁ እዩት። እንደ እኔ በክራንችና በዊልቸር የምንሄድ ወንዶች በዝተናል። ዓይነ ስውራን አሉ። መስማት የተሳናቸው እዚያ ጥግ ላይ ናቸው፣ እነሱም የመጡት አስተርጓሚ ስለተገኘ ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎችስ? የሥጋ ደዌ ያገኛቸውስ? ከገጠር ቀበሌ የመጣች፣ ማየትም መስማትም የማትችል ሴትስ ማን ይወክላታል? እኔ ደረጃ ይታየኛል፣ ምክንያቱም ያስወድቀኛል። ሐኪም ፊት ቀርባ ሕመሟን ማስረዳት ያልቻለች መስማት የተሳናት ነፍሰ ጡር ምን እንደሚሰማት ግን እሷ ካልነገረችኝ ከየት አውቀዋለሁ? ስለዚህ የራሳችሁን ጉዳት ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። ዓይነ ስውሩ ስለ ራምፕ ይከራከር፣ ዊልቸር ተጠቃሚዋ ስለ ምልክት ቋንቋ ትከራከር። ያኔ ማንም «የራሱን ጉዳይ ነው የሚያወራው» ብሎ አይገፋችሁም።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የትራንስፖርት ሕግ ያቋቋመው አማካሪ ኮሚቴ አለ። ቢያንስ ግማሹ አባል አካል ጉዳተኛ መሆን አለበት ብሎ ሕጉ ራሱ ደንግጓል። እኛም መተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር እንጻፍ፤ የሴቶችንም ቁጥር አብረን። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች እናቶቻቸው ይቀመጡ፣ ልጆቹም አድገው መናገር ሲችሉ ወንበሩን ይረከቡ።

ለኃላፊዎቹ ረጅም ነገር የለኝም። የትራንስፖርትና የአስተርጓሚ ወጪ በጀት ውስጥ ይግባ፤ በውለታ አይሁን። ሰው ሃሳብ ሊሰጥ ከኪሱ ከፍሎ ሲመጣ የሚመጣው ያለው ሰው ብቻ ነው። ጨቅጫቃ አባል ሲገጥማችሁም ደስ ይበላችሁ፣ በኋላ ከምታፈርሱት ግድግዳ እሱ ይረክሳል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ጠዋት በር ላይ በታደለን ፕሮግራም የምክር ቤቱ የመጀመሪያ መደበኛ ስብሰባ የት እንደሚደረግ አንብቤያለሁ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃውን አውቀዋለሁ፣ ሊፍት የለውም። ስለዚህ ሰብሳቢና ጸሐፊ እንደመረጣችሁ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ዛሬውኑ እዚሁ ጻፉ፤ ስብሰባው ወደ ምድር ቤት ይውረድልን በሉ፣ መልሱንም በጽሑፍ ጠብቁ። ወረቀትና እስክሪብቶ አለኝ።

አመሰግናለሁ። ገለቶማ።