የተዋጠው ደረጃ የት ይሄዳል?

[ምስል፦ የኤስካሌተር የላይኛው ጫፍ፤ ደረጃዎቹ አንድ በአንድ ወለሉ ሥር ይገባሉ]

ተራኪ፦ ከላይ ወለሉ አንዱን ደረጃ ይውጣል፤ ከታች ሌላ ደረጃ ከወለሉ ይወጣል። ሁሉም ያው የአንድ ዙር ደረጃዎች ናቸው። ከላይ የገባው ተገልብጦ፣ ከእግራችን ሥር ባለው ባዶ ቦታ ቁልቁል ተጉዞ እንደገና ይመጣል።

[ምስል፦ ጎኑ ተከፍቶ የሚታይ ኤስካሌተር]

ሽፋኑን ብናነሣ ሁለቱን ፎቆች የሚያገናኝ የብረት አጽም እናያለን። አብዛኛውን ጊዜ በላይኛው ጫፉ የኤሌክትሪክ ሞተር አለ። ሞተሩ ጥርሳም መንኮራኩሮችን ያዞራል፤ እነርሱም በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት ሰንሰለቶች ይጎትታሉ። እስከዚህ ድረስ ከብስክሌት ብዙም አይርቅም።

እኔን የሚያስደንቀኝ ሐዲዱ ነው።

[ምስል፦ አንድ ደረጃ ብቻውን፤ አራቱ ጎማዎች ቀለም ተቀብተው]

እያንዳንዱ ደረጃ ባለ አራት ጎማ ጋሪ ነው። ሁለቱ ጎማዎች ከሰንሰለቱ ጋር ተያይዘው በአንድ ጥንድ ሐዲድ ይሄዳሉ፤ የቀሩት ሁለቱ በሌላ ጥንድ ሐዲድ ይከተላሉ። በሐዲዶቹ መካከል ያለው ርቀት ተሰልቶ ስለተሠራ ተዳፋቱ ላይ እንኳ መርገጫው አያዘነብልም። ጫፍ ላይ ሐዲዶቹ አግድም ሲሆኑ ደረጃዎቹ እኩል ተሰልፈው ወለል ይመስላሉ። ብዙ ሰው ደረጃው የሚታጠፍ ይመስለዋል፤ አይታጠፍም። የሚለወጠው መንገዱ ነው።

[ምስል፦ የመውጫው ማበጠሪያ በቅርበት]

መርገጫው ላይ ያሉት ሸንተረሮች ለውበት አይደሉም። መውጫው ላይ ባለው ማበጠሪያ ጥርሶች መካከል ያልፋሉ፤ ጫማን ወይም ወረቀትን ወደ ውስጥ ከመግባት የሚከለክለውም ይህ ነው። አሜሪካዊው ጄሲ ሬኖ በ1892 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያገኘበት መሣሪያ ደረጃ አልነበረውም፤ ያዘነበለ ተንቀሳቃሽ መወጣጫ ነበር። ሌላው አሜሪካዊ ፈልሳፊ ቻርልስ ሲበርገር የሠራው ደግሞ ደረጃ ነበረው፤ ይሁን እንጂ መርገጫው ልሙጥ ስለነበር ተሳፋሪው መጨረሻ ላይ ወደ ጎን መውረድ ነበረበት።

[ምስል፦ የእጅ መደገፊያው ከውስጥ]

የጎማው እጅ መደገፊያ የሚንቀሳቀሰው በዚያው ሞተር ነው፤ ነገር ግን የሚጎተተው በሰበቃ ነው። መጎተቻው ሲያረጅ የመደገፊያው ፍጥነት ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ እጃችን ከእግራችን ወደኋላ ይቀራል።

በጎን የተደረደሩት ብሩሾች፣ በነገራችን ላይ፣ ለጫማ መጥረጊያ አልተሠሩም። እግር ወደ ጎኑ ግድግዳ እንዳይጠጋ የሚያስጠነቅቁ ናቸው።

[ምስል፦ መብራት ይጠፋል፤ ደረጃው ይቆማል]

ፍሬኑን ክፍት አድርጎ የሚይዘው ኤሌክትሪክ ነው። ኃይል ሲቋረጥ ስፕሪንጉ ፍሬኑን ይጫናል፤ ደረጃውም ከነተሳፋሪዎቹ ይቆማል።