ሠርጉን የሚሸከመው ቱባው ነው

የተከበራችሁ የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾችና ተማሪዎች፣

በሰሜን ምሥራቅ ሮማንያ፣ በሞልዳቪያ ገጠር፣ የሠርጉን ባንድ ፋንፋራ ይሉታል። የነሐስ መሣሪያዎቹ በተለይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከወታደራዊ ባንዶች ሮማ ከሚባለው ሕዝብ ወደሆኑ ሙዚቀኞች እጅ ገቡ። በያሽ አውራጃ የምትገኘው ዜቼ ፕራዢኒ መንደር ደግሞ ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዓለም የሚያውቀውን ፋንፋሬ ቾካርሊያ የተባለ ባንድ አፍርታለች።

ተመልካች ዓይኑን ትራምፔቱ ላይ ይጥላል። ዳንሰኛው ግን የሚረግጠው በቱባው፣ በትልቁና ወፍራም ድምፅ ባለው የነሐስ መሣሪያ ነው። ቱባው ምቱ ላይ «ቡም» ሲል፣ የመካከለኛ ድምፅ ነሐሶቹ፣ ቴነርና ባሪቶን ሆርኖቹ፣ በመሐል «ታ» ይላሉ። ይህች «ታ» አጭር መሆን አለባት። ማታ ላይ ከንፈር ሲዝል ትረዝምና ቀጣዩን «ቡም» ትሸፍነዋለች። ያኔ የዳንሰኛው እግር ይከብዳል፤ ትራምፔቱ ሊያነቃቃው ይፈጥናል፤ ባንዱም ለሁለት ይከፈላል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ድምፅ ይጨምራሉ፤ ከንፈሩን ይብስ ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም። የሚሻለው ዜማውን ለክላርኔት ወይም ለሳክስፎን ለቆ ነሐሱን ማሳረፍ ነው። ቱባ ሁለት ከሆነ ትንፋሽ የሚወስዱት በየተራ ነው፤ አብረው ከተነፈሱ ሥሩ ባዶ ይቀራል።

የአካባቢው ሰዎች እንደ እኛው ኦርቶዶክሶች ናቸውና በጾም አይጋቡም። ስለዚህ ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው ብርድ ሠርግ ይደራረባል። በመሣሪያው ውስጥ ያለው አየር በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ድምፁ የግማሽ ቶንን ሲሶ ያህል ይወርዳል። ትራምፔት ቶሎ ይሞቃል፤ ቱባ ግን ይዘገያል። በመሆኑም ቤት ውስጥ የተቃኘ ባንድ ግቢ ሲወጣ ይዛባል፤ ከነፉ በኋላ እዚያው ውጭ እንደገና መቃኘት ነው። የትንፋሽ እርጥበት ቫልቩ (በጣት ተጭነው ድምፅ የሚቀይሩበት ክፍል) ውስጥ በረዶ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይንቀሳቀስም። በእረፍት ውሃውን አፍስሱ፣ ቫልቩን በእጅ ሸፍኑ፤ ቱባውን ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ ውጭ አትተዉት።

ሙሽራው ሲላጭና ሙሽሪት ቤተሰቧን ስትሰናበት ዜማው ቀስ ያለ ነው። በመንገድ ማርሽ፣ ከዚያ ሆራና ሰርባ የተባሉት ጭፈራዎች ይከተላሉ። ሰርባ ሁለት ምት ነው፤ እያንዳንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል። ጀማሪን የሚጥለው ጌምፓራሌ የተባለው ጭፈራ ነው፦ 2፣ 2፣ 3፣ በድምሩ ሰባት። በዚያ ፍጥነት እስከ ሰባት መቁጠር አይቻልም፤ «አጭር፣ አጭር፣ ረጅም» ብሎ መያዝ ይሻላል። ቆጠራው የጠፋበት ቱባ ነፊ ዝም ይበልና የዳንሰኞቹን እግር ይመልከት፤ ረጅሙ እርምጃ እንዳለቀ፣ በመጀመሪያው አጭር ላይ ይግባ።